ገጽ ዜሮ ዜሮ

እኛ በነበርንበት ማተሚያ ቤት፣ ገና ያልታወቀ የገጽ ቁጥር በሁለት ዜሮ ይያዝ ነበር። «የብርሃንን ጠባይ በገጽ 00 ተመልከት» ብለን እናልፋለን። ገጾቹ ሁሉ ተደርድረው የመጨረሻው የማረሚያ ቅጂ ሲወጣ አራሚያችን ብርነሽ ቀይ እርሳሷን ቀርጻ ትቀመጥና ዜሮዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ትክክለኛውን ቁጥር ትሞላለች። ስትጨርስ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ስሟን ትፈርማለች። ብርነሽ ከፈረመች በኋላ ያንን መጽሐፍ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አይነካውም።

የአራተኛ ክፍል ሳይንስ፣ የስድስተኛ ክፍል ኅብረተሰብ፣ ከኋላው የመልመጃ መልስ ያለበት የሒሳብ መጽሐፍ… ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ አለፈ። ልጆቹ የተባሉትን ገጽ ሲገልጡ የተባለውን ያገኙ ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ነገር አንቆጥረውም፤ በር ከፍቶ ወደ ቤት የመግባት ያህል ነበር የሚታየን።

ብርነሽ አሁን ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ናይሮቢ ከመጣች ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ኢስትሊ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ አለችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት ማታቱ ታክሲ ተሻግሬ እጠይቃታለሁ። ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል እያስቆጠረች ኖረች። ከነዚያ ልጆች አንዱ ኤልናታን ነበር። ኤልናታን አድጎ፣ ተምሮ፣ ላቪንግተን ባለ አንድ ድርጅት ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነ። ድርጅቱ በድንበር አካባቢ ላሉ ትንንሽ ክሊኒኮች የሚያገለግል ፕሮግራም ይሠራል። ነርሷ የሕፃኑን ክብደት ታብሌቱ ላይ ስትጽፍ፣ ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት ፕሮግራሙ አስልቶ ይነግራታል። ከነርሶቹ ብዙዎቹ የእኛ አገር ሰዎች ስለሆኑ የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛም እንዲጻፍ ተፈለገ። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ስለሆነም በወረቀት ታትሞ መሄድ ነበረበት። ኤልናታን ያን ጊዜ ነው የፊደል አስተማሪውን ያስታወሰው።

ዛሬ መመሪያ የሚጻፈው እኛ እንደምናውቀው አይደለም። ጽሑፉ መሐል ትእዛዝ ይገባል፤ ማሽኑ ትእዛዙን አንብቦ ገጹን ራሱ ይሠራል። በመጀመሪያው ሳምንት ኤልናታን አጠገቧ ተቀምጦ ያስተማራትን ብርነሽ እየሣቀች ነግራኛለች።

«አንባቢውን ወደ ሌላ ገጽ ለመላክ ሦስት ትእዛዝ አለ፣ እትዬ። አንደኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ርእሱን፣ ገጹን፣ ‹ይመልከቱ› የሚለውንም ራሱ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ ለሚገባ ነው። ሦስተኛው ቁጥሯን ብቻ ያመጣልሻል፣ ሌላውን አንቺ ትጽፊዋለሽ። ግን ፈርስት ለቦታው ስም ትሰጪዋለሽ። ቦታው ቢሄድ ስሙ አብሮት ይሄዳል፤ ማሽኑ በስሙ ፈልጎ ያገኘዋል።»

«ለገጽ ስም? ክርስትና እናስነሳው በለኛ!»

«ያ፣ ልክ እንደዛ። ቁጥር በእጅሽ እንዳትጽፊ ብቻ። ፕሊስ።»

አንባቢው ወደ ሌላ ገጽ የሚላክበት መቶ ዐሥራ ሦስት ቦታ ነበር። ሁሉንም በደብተር መዝግባ፣ የትኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደሚሻ፣ የትኛው ቅንፍ እንደሚበቃው እየመረጠች፣ ለመቶ ዐሥራ ሁለቱ ትእዛዙን አስገብታ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረገችባቸው። መቶ ዐሥራ ሦስተኛው ብቻ አስቸገራት። «ፕሮግራሙ ሲቆም ምን ይደረጋል» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በጠባብ ሳጥን ያለ ነበር። አንደኛውን ትእዛዝ ስትሞክር ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ከሳጥኑ ፈሶ መስመሩን አፈረሰው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን እስከዚያ ቀን አንዴም አልተጠቀመችበትም፤ ሠንጠረዡን ጨርሶ እንዳያበላሽባት ፈራች። ኤልናታን ደግሞ ያን ቀን ቢሮ አልነበረም። ስለዚህ እጇ የለመደውን አደረገች፤ ለጊዜው ብላ «ገጽ 00» ጻፈች።

የመጨረሻው ማረሚያ ሲወጣ ዜሮዎቹን አልረሳቻቸውም። ብርነሽ ዜሮ አትረሳም። ገልጣ አየች፤ አንባቢው የሚላክበት የጠብታ ሠንጠረዥ ያለው ገጽ 41 ላይ ነው። 41 ብላ ሞላች። ከዚያ ማረሚያውን በወረቀት አውጥታ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ፈረመች። ኤልናታን ፊርማውን አይቶ በሣቅ ፈነዳ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳው። እሷም አብራ ሣቀች። ይህ በሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጧት የጤና ባለሙያዎቹ ስለ ንጽሕና አንድ ቅጠል ወረቀት፣ ሁለት ገጽ፣ መግቢያው ላይ እንዲጨመር ጠየቁ። ኤልናታን ጨመረ። ማሽኑ መቶ ዐሥራ ሁለቱን የገጽ ጠቋሚ በቅጽበት ራሱ አስተካከለ። ለብርነሽ ሊነግራት አልታየውም፤ ምን ብሎ ይነግራታል? በእነሱ ዓለም የመጨረሻ የሚባል ማረሚያ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ስደርስ አዲሱ መጽሐፍ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ከማተሚያ ቤት ያመጣነው አንድ ልማድ አለን፤ አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ሌላው ሰው ገልጦ ስህተት ይፈልጋል።

«እንካ» አለችኝ። «አንድ ስህተት ካገኘህ ሳምቡሳው በእኔ ነው።»

«ሁለት ባገኝስ?»

«ሁለት ካገኘህ ዓይንህን ሐኪም ይየው፣ ጓንጉል።»

መሐሉን ገለጥኩ። ያ ሠንጠረዥ ነበር። «ትንሽ ጠብታ የሚያወርደው ቱቦ ካለቀ በትልቁ ይተኩ፤ የጠብታው ብዛት ገጽ 41» ይላል። ልብ ብዬ አይደለም፣ ልጅ ሳለሁ እንዳስተማሩኝ ሂድ የተባልኩበት ገጽ ሄድኩ።

«ብርነሽ፣ ትንሽ ጠብታና ትልቅ ጠብታ አንድ ነው እንዴ?»

«እንዴት አንድ ይሆናል? በትንሹ ቱቦ ስድሳ ጠብታ የሚሆነው ውኃ በትልቁ ሃያ ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያ እዚህ 41 ላይ ያለው ትንሹ ነው።»

«ትቀልዳለህ።»

«ሳምቡሳ አምጪ።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው። 41ን አየች። 42ን ገለጠች። 43ን ገለጠች። የትልቁ ጠብታ ሠንጠረዥ እዚያ ነበር። ሁለቱ ሠንጠረዦች መንታ ናቸው፤ ያው የኪሎ ረድፍ፣ ያው ዐምድ፤ የሚለያቸው ከላይ ያለው ቀጭን ርእስና ውስጣቸው ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ጣቷን ዘጠኝ ኪሎ የሚለው ላይ አሳረፈች። 41 ላይ ሠላሳ ስድስት ይላል። 43 ላይ ዐሥራ ሁለት።

«ሦስት እጥፍ» አለች። «ጓንጉል፣ ሦስት እጥፍ ውኃ ነው።»

ስልኳን ስትፈልግ እፊቷ ተቀምጦ ሳለ አላየችውም። አንስቼ ሰጠኋት። ኤልናታን ኳስ ሜዳ ነበር፤ ጫጫታው እኔ ድረስ ይሰማል።

«እትዬ! ሳሳ፣ ሰላም ነው?»

«ኤልናታን፣ ገጽ ጨምረሃል?»

«ያ፣ ቱዝዴይ። ሁለት ገጽ። ግን ሪላክስ፣ ማሽኑ ሁሉንም ፊክስ አድርጎታል።»

«አንዱን በእጄ ነው የጻፍኩት።»

«ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም እትዬ። ታይፖ እኮ ነው፤ ሰኞ አዲስ ፒዲኤፍ…»

«ሕፃን ላይ ሦስት እጥፍ ግሉኮስ ነው የሚወርደው!»

ከጫጫታው እየራቀ ሲሮጥ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፁ ተለውጦ መጣ፤ ፊደል ሲቆጥር የነበረው ልጅ ድምፅ።

«የት ነሽ? መጣሁ።»

እሱ እስኪደርስ በአውቶቡስ ዕቃ ማመላለሻ ወደምትሠራው ወደ ሰዲቃ ደወልኩ። ቢሮዋ ከሱቄ ሁለት በር ርቆ ነው። መጽሐፎቹ በዐሥራ አራት ካርቶን፣ ለዐሥራ አራት ክሊኒክ፣ በእሷ በኩል ነበር የሚላኩት።

«አይዞህ ጋሼ፣ ዐሥራ ሦስቱ እዚሁ ናቸው» አለችኝ። «ማክሰኞ ነው የሚጫኑት። አንዷ ብቻ ሐሙስ ሄዳለች።»

«ለምን አንዷ ብቻ?»

«ረታ የሚባል ነርስ አለ አይደል፣ ድንበሩ አጠገብ? ታብሌቴ እየጠፋ አስቸገረኝ፣ መጽሐፉን ቶሎ ላኩልኝ ብሎ መግቢያ መውጫ አሳጣን። ትናንት ጧት ተረክቧል።»

ለብርነሽ ስነግራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከሁሉም ይልቅ መጽሐፉ የሚያስፈልገው ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራለት ሰው መጽሐፉን አይገልጥም፤ ረታ ግን ይገልጣል።

ኤልናታን በቦዳ ቦዳ ሞተር መጣ፤ በማልያው፣ ጉልበቱ ጭቃ እንደ ሆነ። የረታን ነገር ነገርነው፤ ላፕቶፑን ከቦርሳው እያወጣ ብርነሽን አያት፤ ደግሞ እኔን አየኝ።

«እትዬ፣ ከመደወልሽ በፊት… ቦስን ጠይቀን ይሻላል። በስልክ ጥፋታችን ነው ስትይ ነገ ችግር ሊሆን ይችላል። የሥራ ፈቃድሽ በሚቀጥለው ወር ነው የሚታደሰው፣ ደብዳቤውን የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ ዜጋ ነኝ፣ እኔን ምንም አይሉኝም። ገጹን ያስገባሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ቁጥሩን የጻፈው ማን ነው?»

የላፕቶፑን ክዳን ከፈተ።

«ቦስህ ስልኳን እስክታነሳ ሕፃኑ ይጠብቃል? የረታን ስልክ ስጠኝ።»

ሰጣት። ደወለች። በስዋሂሊ የምትናገረው ሴት መጣች፤ ያቺ የደወሉለት ሰው አይገኝም የምትል፣ ለስላሳ፣ የማትቸኩል ሴት። ብርነሽ ዘግታ እንደገና ደወለች። ያቺው ሴት። ኤልናታን የጽሑፍ መልእክት ላከ፣ በዋትሳፕ ላከ፤ ሁለቱም ሳይደርሱ ቆሙ። እኔ በልቤ የደወለችበትን እቆጥር ነበር፤ ዐሥራ ሰባት ላይ ጠፋብኝ። ከውጭ የልጆች ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤት ልብስ ያጥባሉ፤ ቅዳሜ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበር። ብርነሽ ግን በተዘጋ ስልክ ውስጥ አንድ ክፍል እየታያት ነበር። አልጋ፣ የተንጠለጠለ ላስቲክ፣ የሚወርድ ጠብታ። ጣቷ በጠረጴዛው ላይ ሳታውቀው ይመታ ጀመር። ጠብታ እየቆጠረች መሆኗን ስረዳ እጇን ያዝኳት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠራ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ረታ? መመሪያውን የጻፍኩት ነኝ፣ ብርነሽ፣ ከናይሮቢ…»

«እትዬ ብርነሽ! እግዜር ይስጥልን፣ መጽሐፉ በጊዜ ነው የደረሰው። ታብሌቱ ዛሬ ጧት ጭራሽ ሞተ…»

«አሁን ግሉኮስ ላይ ያለ ሕፃን አለ?»

«አንዲት አለች። የሳንባ ምች ይዟት…»

«ስንት ኪሎ ናት? በየትኛው ቱቦ?»

«ዘጠኝ። በትልቁ፤ ትንሹ አልቆብኛል። ምነው?»

«በደቂቃ ስንት ጠብታ?»

«ሠላሳ ስድስት። መጽሐፉ ነው ያለው፣ ገጽ 41…»

«ዝጋው! ረታ፣ አሁን ዝጋው! ዐሥራ ሁለት ነው፣ የኔ ስህተት ነው፣ ገጹ ተሳስቷል፣ ዝጋው!»

የእግር ድምፅ ተሰማ፣ አንድ ብረት ነገር ወደቀ፣ የሴት ድምፅ ምን ሆነ፣ ምን ሆነ አለ። ሲመለስ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር።

«ዘጋሁት። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚወርደው፣ እትዬ። ትንፋሿ እየፈጠነ ነበር፤ የዓይኗ ቆብም አብጧል። እኔ በሽታው ባሰባት ብዬ… ርእሱን አላየሁትም። 41 አለኝ፣ 41ን ገለጥኩ። የታተመ መጽሐፍ ነው፣ አመንኩት።»

ኤልናታን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ብሮ፣ ሐኪም አለ? አሁን ምን ይደረጋል?»

«ሐኪሙን እደውልለታለሁ፣ ውኃውን የሚያስወጣ መርፌ አለኝ። ስልኩን ልዝጋው፣ መስመሩን ልልቀቀው።»

ዘጋ። ያን ያህል ጊዜ ደውለን ያገኘነውን ሰው በገዛ ፈቃዳችን ለቀቅነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ከበፊቱ የከፋ ሆነ። በፊት የምንፈራው ሊሆን ይችላል ያልነውን ነበር። አሁን ዘጠኝ ኪሎ የምትመዝን፣ የዓይኗ ቆብ ያበጠ አንዲት ልጅ አለች።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ማናችንም እህል አልቀመስንም። ብርነሽ ድንገት ተነሥታ ከኤልናታን ላፕቶፕ ፊት ተቀመጠች።

«ያንን ሳጥን አውጣልኝ። ሦስተኛው ትእዛዝ የትኛው ነበር? ቁጥር ብቻ የሚያመጣው።»

አሳያት። 41ን አጠፋች። ለትልቁ ጠብታ ሠንጠረዥ ስም ሰጠችው፣ ሳጥኑ ውስጥ በስሙ ጠራችው። ማሽኑ 43 ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ አልፈረሰም፣ መስመሩ አልተነቃነቀም፤ ቁጥሯ ቦታዋን አግኝታ ቁጭ አለች።

«መግቢያው ላይ ሁለት ገጽ ጨምርበት።»

ጨመረ። 45 አለ።

«አውጣው።»

43።

«ድገመው።»

«እትዬ…»

«ድገመው አልኩህ።»

አራት ጊዜ አስደገመችው። አራት ጊዜም ልክ ሄደ። ማሽኑ ልክ በሄደ ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር፤ ይህን ለማድረግ የፈጀባት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሦስት ደቂቃና ጥቂት ድፍረት። ያን ድፍረት ያጣችበትን ቀን እያሰበች እንደ ነበር አልጠፋኝም።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ኤልናታን ተጫነው።

«ሸናች!» አለ ረታ እየጮኸ። «እትዬ፣ ሸናች! ሁለት ጨርቅ አረጠበች፣ እኔንም አልማረችኝ! ትንፋሿ ወርዷል። እናቷ እያጠባቻት ነው።»

ኤልናታን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ተመስገን ማለቴን አስታውሳለሁ። ብርነሽ ግን አልሣቀችም፣ አላለቀሰችም።

«ዛሬ ሌሊቱንም አትራቃት» አለችው። «መጽሐፉንስ ምን አደረግኸው?»

«ያንን ገጽ ከሁሉም መጽሐፍ ገንጥዬ ጣልኩት።»

ሰው የመጽሐፍ ጥግ ሲያጥፍ እንኳ የምትቆጣ ሴት ናት። «ደግ አደረግህ» አለች። ወዲያው ግን ደነገጠች። «ቆይ! ከ41 ጀርባ 42 ነው፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልግህ ምሳሌ አለ። «ቱቦ ካለቀ» በሚለው ላይም 41ን ሰርዘህ 43 ጻፍ። 43 አጠገብህ አለ? ርእሱን አንብብልኝ። ከዚያ ከሦስት ኪሎ ጀምረህ እያንዳንዱን ረድፍ።»

ረታ ደክሞታል፤ ድምፁ ይናገራል። ቢሆንም አነበበ። እሷ የራሷን ቅጂ ገልጣ በቀይ እርሳሷ ጫፍ ትከተለዋለች። ሦስት ኪሎ፣ አራት። አምስት ኪሎ፣ ሰባት። ዘጠኝ ኪሎ ላይ ደረሰ።

«ዐሥራ ሁለት» አለ።

«ዐሥራ ሁለት» አለች።

ሃያ ኪሎ ድረስ ሄደው ሲጨርሱ፣ «እንደገና ከላይ» አለችው።

ሰኞ ጧት ብርነሽ የፈረመችበትን ማረሚያ ይዛ ሥራ አስኪያጇ ፊት ቀረበች። ኤልናታን «ገጹን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ሊል አብሯት ገብቶ ነበር፤ እሷ ቀድማ ፊርማዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሥራ አስኪያጇ ዐሥራ ሦስቱን ካርቶን አስመለሰች። የፈቃዱ ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ብርነሽ መቶ ዐሥራ ሦስቱን የገጽ ጠቋሚ ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው ስንቴ እንደ ሄደችባቸው እሷ ናት የምታውቀው።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አዲስ መጽሐፍ ሲወጣም ገልጬ አያለሁ። ሳምቡሳ ግን አታስይዝም። ከጀርባዬ መጥታ ትቆማለች፤ ጣቴ «ገጽ» የሚል ቃል ላይ ሲያርፍ ትንፋሿ ይቆማል። ወደ ተላክሁበት ገጽ እስክገልጥ ትጠብቀኛለች።

«ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«ምን ይላል? ርእሱን አንብበው።»